ከግንቡ ወዲያ ያለች ምስክር

ልብስ ሰፊዋ እናቷን በግንብ የደፈነቻት ለነጭ ጨርቅ ስትል ነው። ይህን ለራሷ አትክድም። ሰው ሲጠይቃት ግን ጥፋቱን ሙልጭ አድርጋ ኮንትራክተሩ ላይ ትደፈድፈዋለች፤ እሱም ቢሆን ንጹሕ ሰው አይደለምና ብዙ አይበደልም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ልብስ መስፊያም፣ ሳሎንም፣ የልብስ ሰፊዋ መኝታም ነው። የኋለኛው የእናትየው ክፍል ሲሆን ቧንቧውና ሽንት ቤቱ እዚያው ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ እናቷን ወደ ራሷ አምጥታ የኋለኛውን ልታከራየው አሰበች። ተከራይ ደግሞ በሰው አልጋ ላይ እየተረማመደ አይገባም፣ የራሱን በር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ክፍል የሚያገናኘው የድሮ በር በብሎኬት ይደፈን፣ በጓሮው በኩል አዲስ በር ይከፈት ተባለ።

ለዚህ የተገኘው ሰው ሰፈሩ «ውሃ ልክ» የሚለው ኮንትራክተር ነው። ያቺን አረፋ የሚዋኝባትን ቢጫ መለኪያ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ብብቱ ውስጥ ሳይሸጉጥ ከቤቱ አይወጣም። ውሃ ልክ ይዞ የሚሠራው ግንብ ሁሉ እንዴት እንደ ሰካራም እንደሚንጋደድ ግን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። «መሣሪያውስ ልክ ነበር፣ ጠማማው ተሸካሚው ነው» ትላለች እናትየው።

ሥራው በተጀመረበት ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ለአንድ ክሊኒክ የምትሰፋው ስልሳ ነጭ ጋዋን ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ነበር። ውሃ ልክ የጓሮውን ግድግዳ ሊነድል መዶሻውን ሲያነሳ ብድግ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ! አቧራው በዚህ በር ገብቶ ጨርቄ ላይ ሊሰፍር አይደል እንዴ? መጀመሪያ ይሄን ድፈንልኝ፣ ያንን ከዚያ ትከፍታለህ።»

«እማማስ?» አለ ውሃ ልክ። እናትየው በዚያ ሰሞን የዳሌዋ ሕመም ተነስቶባት ተኝታለች።

«እናቴ ምን ትሆናለች? ውሃዋ እዚያ፣ አልጋዋ እዚያ። በሁለት ቀን አዲሱ በር ያልቃል አላልክም?»

«በሁለት ቀን፣ እህቴ። ሦስተኛውን ቀን ካየሽ ስሜን ቀይሪው።»

ይኸው አሥራ አንድ ወር። ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረችው ቆጥራ አትጨርስም፤ ከቀየረችባቸውም ስሞች ለልጅ የሚነገር የለም።

የድሮውን በር በብሎኬት ደፈነ፣ ልስን ለሰነ። ልስኑ ሲደርቅ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ውላቸውን እዚያው ግንቡ ላይ ጻፈው፦ አዲስ በር፣ ወርድ ዘጠና፣ ቁመት ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ከላይ የአርማታ ቢም ያለው። ሁለቱም ከሥሩ ፈረሙ። ውሃ ልክ ሲዋዋል ልማዱ ይህ ነው። «ወረቀት ይጠፋል፣ ግንብ የት ይሄዳል?» ይላል። ልብስ ሰፊዋም ነገሩ ብልጠት መስሏት ሳቀች። አዲሱ ልስን ከስፌት ጠረጴዛዋ አጠገብ ስለሆነ በማግስቱ የደንበኞቿን ልክ እዚያው ላይ መጻፍ ጀመረች። ደረት ዘጠና አራት፣ ወገብ ሰባ ስምንት፣ እጅጌ ስልሳ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝና ግንብ ሲገናኙማ ጉድ ፈላ።

ውሃ ልክ በጓሮ በኩል ግድግዳውን ከወገብ በላይ ከፈተው። ከወገብ በታች ያለው የድሮ ድንጋይ ነው። «ይሄ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ሒሳብ አለው» አለ። ከክፍተቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመውን ቢም ግን አስገብቻለሁ፣ ለስኜዋለሁም፣ ይከፈለኝ ብሎ ቁጭ።

እናትየው ከውስጥ ሆና ጮኸች። «ምንም ቢም አላስገባም! እዚህ ተኝቼ አይቼዋለሁ! ሁለት ጣውላ ሰነቀረና በሲሚንቶ ቀባው!»

«እማማ ተኝተው ነበር» አለ ውሃ ልክ፣ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ። «ቢሙን ሳስገባ ያንኮራፉ ነበር።»

«አንተ! እኔ አላንኮራፋም!»

ልብስ ሰፊዋ አልከፍልም አለች። ውሃ ልክም ብሎኬቴንም ልስኔንም ነቅዬ እወስዳለሁ ብሎ ዝቶ ሄደ። ይሄኔ ነው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ የሮጠችው። ማመልከቻ ጻፊው መነጽሩን እያጸዳ «እግድ ጠይቂ፣ ማስረጃሽ ግንብ ነው፤ ግንብ ከፈረሰ ምን ይዘሽ ትቆሚያለሽ?» አላት። ከሰሰች፣ እግድም ጠየቀች። ተፈቀደላት። ጉዳዩ እስኪወሰን ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ ሁለቱን ግንቦች እንዳይነኩ የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ እየተፍለቀለቀች ቤቷ ገባች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይቺ ናት። የድሮውን በር እንዳታስከፍት ውሉ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። አዲሱን እንዳታስጨርስ ችሎቱ ሳያየው መነካት የለበትም። ፎቶ አንስታ ወስዳ ነበር። ውሃ ልክ «ፎቶ ዛሬ ማን ያምናል?» አለ፤ ዳኛውም ዋናው ባለበት ይቆይ አሉ።

ባለበት ቆየ። እናትየውም ባለችበት ቆየች።

ምግቡ በጓሮው ቀዳዳ ይገባል፣ ሳህኑ በቀዳዳው ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ በሳምንት ሁለቴ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ከላይ ያለውን ልስን በጎሪጥ እያየች ተንሸራታ ትገባና እናቷን አጥባ፣ አንሶላ ቀይራ ትወጣለች። እናትየው ግን እግሯን እስከ ወገብ ማንሳት አትችልም። ጎረቤቶች አራት ሆነው በብርድ ልብስ ተሸክመው ሊያወጧት መጥተው ነበር። ሁለቱን በስማቸው እየጠራች ሰደበቻቸው።

«በእግሬ ከገባሁበት ክፍል በሰው ጀርባ አልወጣም። ሬሳ ሲገኝ ትመጣላችሁ። አሁን ሂዱ፣ ሥራ ፈቶች!»

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን እንኳ...»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! የደፈንሽኝ አንቺ፣ የምትለምኚኝ አንቺ!»

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቶቹን ሸኝታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የስፌት ሥራዋ ሌላ ሆነ። መኪናዋን እየረገጠች ጆሮዋ ግንቡ ላይ ነው። እናትየው ጠዋት ጠዋት ከአልጋ እስከ ቧንቧ ትመላለሳለች፣ ከዘራዋ ወለሉን ኳ ኳ ሲያደርግ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ አሥር ምልልስ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ስድስት ሆነ። ቀጥሎ ሦስት። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አንስታ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ወዲያ ማዶ ምንም የለም። ጆሮዋን ልስኑ ላይ፣ «ወገብ ሰባ ስምንት» ከተጻፈበት ላይ ለጠፈች።

«እማዬ? ዛሬ አልተነሳሽም?»

«ወዴት ልሂድ ብዬ ልነሳ?» አለ ድምፁ።

ጋዋን ከምትሰፋለት ክሊኒክ የጠራቻት ነርስ መጥታ በቀዳዳው አንገቷን አስገብታ አየቻትና ልብስ ሰፊዋን ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደቻት። «በዚህ ከቀጠለ እግራቸው መራመድ ይረሳል» አለቻት። «ወር ሁለት ወር። ከዚያ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ያው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት በሄደች ቁጥር ይህ «ያው ነው» አብሯት ይሄዳል። የችሎቱ ነገር ደግሞ ውሃ ወቀጣ ነው።

«ቢም አለመግባቱን ያየ ምስክር አለሽ?» ይላሉ ዳኛው።

«አለኝ፣ ክቡር ዳኛ። እናቴ።»

«ታዲያ ለምን አላቀረብሻትም?»

«መውጣት አትችልም።»

«ለምን?»

«በሩ ስላልተከፈተ።»

«ለምን አልተከፈተም?»

«ችሎቱ ስላገደ፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ ቀጠሮ ይሰጣሉ። በአንዱ ቀጠሮ ውሃ ልክ ጭራሽ ብሶበት መጣ። በር አልተዋዋልንም፣ የተዋዋልነው መስኮት ነው፤ ግንቡ ላይ ያለው «ዘጠና» የበር ወርድ ሳይሆን የአንዲት ደንበኛዋ ዳሌ ነው አለ።

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «ከሥሩ ቁመት ሁለት ሜትር ከአሥር ይላል! ሁለት ሜትር ከአሥር የሆነች ሴት የት ነው ያየሃት? አስተዋውቀኛ፣ ልስፋላት!»

ችሎቱ ሳቀ። የችሎቱ ጸሐፊ እንኳ አፏን በፋይል ሸፈነች። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይሄን ግንብ እኔው ራሴ ላየው ነው» አሉ። «ምስክሯም ካልመጣች ችሎቱ ይሄዳል።»

ሄደ። ሰኞ ጠዋት ዳኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ውሃ ልክና ልብስ ሰፊዋ ጓሮው ውስጥ ተሰለፉ። ዳኛው ገና ለግላጋ ናቸው፣ ሆዳቸው ግን ቀድሟቸው ያረጀ። ቀዳዳውን አዩት፣ ሆዳቸውን አዩት፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና «ከዚሁ እንሰማለን» አሉ።

እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከዘራዋን ተደግፋ፣ በቀዳዳው እንደ ትኬት ሻጭ ብቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። በጓሮው ብርሃን እናቷ ወረቀት መስላ ነበር የታየቻት። አንገቷ ቀጥኗል። ቆማ ለመታየት ብላ ስንት ሰዓት ስትለማመድ እንዳደረች ማን ያውቃል።

«እማማ፣ ያዩትን ይንገሩን» አሉ ዳኛው።

ነገረቻቸው። ጣውላው ሁለት፣ አንዱ ስንጥቅ ያለው፣ ብረት የሚባል ዘር የለም።

«ተኝተው ነበር፣ ክቡር ዳኛ» አለ ውሃ ልክ። «ዕድሜያቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ቢሙ አለ። አራት ባለ አሥራ ሁለት ሚሊ ብረት አስሬበታለሁ።»

ዳኛው አገጫቸውን አሹ። የእናት ምስክርነት ለልጅ፣ የኮንትራክተር ቃል ለራሱ፤ መሐል ላይ ልስን። «እንግዲህ በዚህ ላይ ባለሙያ መሐንዲስ ይታዘዝና አይቶ ያቅርብ» አሉ። «ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ። እግዱ እስከዚያ እንደጸና ይቆያል።»

ሦስት ወር። ነርሷ የሰጠቻት ወር ሁለት ወር ነው። ውሃ ልክ ውሃ ልኩን በብብቱ እያመቻቸ ሊሄድ ዞረ።

«ጌታው» አለች እናትየው ከቀዳዳው። «ያንን እግድ እስቲ ያንብቡልኝ። እዚህ ሆኜ አንድም ቀን ያነበበልኝ የለም።»

ዳኛው አነበቡላት። «ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ ግንቦቹን እንዳይነኩ...»

«እኔ ከሳሽ ነኝ?»

«አይደሉም፣ እናቴ።»

«ተከሳሽ ነኝ?»

«ኧረ በጭራሽ። እርስዎ ምስክር ነዎት።»

«ምስክር አትንካ የሚል አለው?»

ዳኛው ጸሐፊዋን አዩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሳይቀር አየች። «የለውም» አለች፣ ቀስ ብላ።

እናትየው ከቀዳዳው ጠፋች። ውስጥ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ። ስትመለስ ከዘራው የለም። በሁለት እጇ የያዘችው ውሃ ልክ የዚያን ጊዜ ጥሎት የሄደውን የግንበኛ መዶሻ ነው፤ ወገቧን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ትከሻዋ አወጣችው።

«ቢሙ እዚህ ላይ ነው አይደል፣ አንተ?» አለች፣ በአገጯ ከክፍተቱ በላይ ያለውን ልስን እያሳየች።

«አዎ... ግን...»

«አራት ብረት?»

«አራት» አለ ውሃ ልክ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ጥሩ። አራት ብረት ያለው ቢም የአሮጊት መዶሻ አይፈራም። ልስኑን ልላጠውና ዳኛው ብረታቸውን ይዩ፤ መሐንዲስ ምን ያደርግልናል?»

መታች። ጉልበት ያለው ምት አልነበረም፤ ግን የሳህን የሚያህል ልስን ተገምሶ እግሯ ሥር ወደቀ። ከላይ ደቃቅ አሸዋ ጸጉሯ ላይ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ የገባት ያኔ ነው። እናቷ እውነቷን ከሆነ፣ ያ ሁሉ ግድግዳ እናቷ ራስ ላይ ነው። እናቷ ዋሽታ ቢሆን ይሻላት ነበር። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እናቴ አትዋሽም እያለች የተሟገተችው ሴትዮ በዚያች ቅጽበት እባክሽ ዋሽተሽ ሁኚ ብላ ለመነች።

«እማዬ!»

እናትየው መዶሻውን እንደገና አነሳች። ዓይኗ ልጇ ላይ አይደለም፣ ውሃ ልክ ላይ ነው።

«አይ! አይ እማማ! ጣውላ ነው!» ውሃ ልክ ቢጫ መለኪያውን ወርውሮ ዘለለ። «ጣውላ ነው፣ ይወርድብዎታል! ወደ ኋላ ይበሉ!» በርጩማውን ከዳኛው ሥር ሊነጥቅ ምንም አልቀረው፤ ዳኛው ፈንጠር ብለው ተነሱለት። እሱ ላይ ወጥቶ በሁለት እጁና በራሱ ከክፍተቱ በላይ ያለውን ግድግዳ ደገፈ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክቡር ዳኛ፣ ‹ጣውላ ነው› ብዬ ልጻፍ?»

«እንደተባለ ጻፊ» አሉ ዳኛው፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ። «ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሁለቱንም ጻፊ።»

እናትየው መዶሻውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ከውሃ ልክ ጋር ፊት ለፊት፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተያዩ። እሱ እጁን ቢያወርድ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ አያወርድም። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ነቅተህ ነው አይደል፣ ይሄን ያልከው?» አለችው። «እንዳታንኮራፋ።»

«እማማ፣ አይቀልዱብኝ፣ እጄ ሊከዳኝ ነው።»

«አይዞህ» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብላ። «ብትተወኝ ኖሮ ክሱን ትረታ ነበር እኮ። ሰው ነህ ለካ።»

ልብስ ሰፊዋ ከጎረቤት ሁለት ወፍራም እንጨት ጎትታ አመጣች፣ ግድግዳው ተደገፈ፣ ውሃ ልክም ከግድግዳው ተፈታ። ዳኛው እዚያው ቆመው አዘዙ፦ የጓሮው ክፍተት ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ማንም አይጠጋው፣ የታመነ ነገር ሌላ ማስረጃ አይሻምና የድሮው በር አሁኑኑ ይከፈት፣ የሚከፍተውም የደፈነው ሰው ይሁን፤ በቀረው ላይ ፍርዱ በአሥራ አምስት ቀን ይነገራል። ጸሐፊዋ ግንቡ ሳይፈርስ ፊተኛው ክፍል ገብታ የተጻፈውን ሁሉ ገለበጠች። የትኛው ውል የትኛው ወገብ እንደሆነ መለየት ሰለቻትና ሁሉንም ጻፈችው። የአሥራ ሰባት ሴቶች ልክ ዛሬም ድረስ በዚያ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

ውሃ ልክ ብሎኬቱን አንድ አንድ እያለ ነቀለ። ልብስ ሰፊዋ ከጎኑ ሆና የነቀለውን ትቀበላለች። ስድብ አልመጣላትም። አሥራ አንድ ወር የቆመው ግንብ በአንድ ሰዓት ከሩብ ወረደ።

እናትየው በአቧራው ውስጥ ታየች። ከዘራዋን ይዛለች። ልጇ እጇን ዘረጋችላት።

«ተይኝ!» ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ግን «የት ሄድሽ?» አለችና ክንዷን ለቀም አደረገቻት። እጇ ቀላል ነበር፣ ባዶ እጅጌ የያዘች ያህል። የስፌት ጠረጴዛውን አለፉ። «ጠብቦ የለም እንዴ ይሄ ክፍል» አለች እናትየው፣ ሳትቆም። የፊቱን በር አለፉ። ደረጃው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደወሰደባት ልብስ ሰፊዋ አትናገርም። መንገዱ ዳር ሲደርሱ እግሯ ቆመ። አልሄድ አለ።

«እማዬ፣ ወንበር ላምጣልሽ።»

«አታምጪ።»

«ትወድቂያለሽ።»

«ከተቀመጥኩ ልታስገቡኝ ነው። እዚሁ ያዢኝ።»

ያዘቻት። ከመብራት ምሰሶው ጋር አስደግፋ፣ በሌላው ጎን በራሷ ትከሻ አጥራ ያዘቻት። መኪና አለፈ፣ ውሻ አለፈ፣ የዱቄት ጆንያ የተሸከመ ሰው አለፈ። እናትየው ሁሉንም አንገቷን እያዞረች አየች። ፊቷ ላይ ደስታ አይደለም ያለው፣ ገና መቁጠር ያልጨረሰ ሰው ፊት ነው። በኋላ የነርሷን ነገር ልጇ ሳትነግራት ራሷ አነሳችው።

«ረስቷል አይደል፣ እግሬ?»

«ትንሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። መዋሸት አቃታት።

«ትንሹን እናስታውሰዋለን።»

የማዶዋ ጎረቤት መስኮቷን ከፍታ ዓይኗን አሻሸች። «እማማ! እርስዎ ነዎት? ወዴት ነው እንዲህ?»

«የትም» አለች እናትየው፣ ጮክ ብላ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። «ውጭ ነኝ።»